የኬላው ጸሐፊና የፒካሶ ግብዣ

ግብዣ በተደረገበት ቤት ሁሉ ሌሎቹ እየተጠቃቀሱ የሚስቁበት አንድ የዋህ እንግዳ አይጠፋም። እኛም ከሳቂዎቹ ጋራ የቆምንበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለ ሰው ባየን ቁጥር ግን ትዝ የሚለን አንሪ ሩሶ ነው፤ ፈላስፋውን ሳይሆን ሠዓሊውን ማለታችን ነው።

ሩሶ በ1844 ዓ.ም. (ዘመኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠቅሳለን) ላቫል በተባለች የፈረንሳይ ከተማ ከቆርቆሮ ሠሪ ቤተሰብ ተወለደ። በ1871 ዓ.ም. ወደ ፓሪስ በሚገባው ሸቀጥ ላይ ቀረጥ በሚቀበለው መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ የኬላ ጸሐፊ ሆነ። የሥዕል ትምህርት ቤት አልገባም፤ ከሥራ በተረፈው ሰዓት በራሱ ሙከራ ተማረ እንጂ። ከ1886 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራዎቹን ለሕዝብ ሲያሳይ ብዙው ተመልካች ይስቅበት ነበር። እርሱ ግን ታላቅ ሠዓሊ መሆኑን አንድም ቀን አልተጠራጠረም። በ1893 ዓ.ም. ሥራውን ለቅቆ በትንሽ ጡረታና ቫዮሊን በማስተማር እየኖረ፥ አንበሳና ነብር የሚያደቡበትን ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ሣለ። ከፈረንሳይ ወጥቶ አያውቅም፤ ቅጠሉንና ዛፉን ያጠናው በፓሪስ የዕፀዋት ማሳደጊያ ነው።

በ1908 ዓ.ም. የ27 ዓመቱ ወጣት ፒካሶ፥ ሩሶ የሣለውን የአንዲት ሴት ሥዕል ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ በ5 ፍራንክ ገዛ። ስለዚህም በሞንማርትር ሠፈር ባለው የሥራ ቤቱ ለሽማግሌው ግብዣ አደረገ። የታዘዘው ምግብ ሳይመጣ ቀረና ቤት በተሠራ ሩዝ ተበላ። ሩሶ እንደ ዙፋን ከፍ ተደርጎ በተሠራለት መቀመጫ ላይ ተቀመጠ። ከበላዩ ከተሰቀለው ፋኖስ ሰም በራሱ ላይ ሲንጠባጠብ ዝም ብሎ ቻለው፤ ቫዮሊኑንም አንሥቶ ተጫወተ። ከእንግዶቹ ብዙዎቹ ነገሩን እንደ ቀልድ ይዘውት ነበር፤ እርሱ ግን ክብር ነው ብሎ ተቀበለ።

በ1910 ዓ.ም. ሲሞት ቀባሪው ጥቂት ነበር፤ የተቀበረውም ከድሆች ጋራ ነው። ኋላ ወዳጆቹ መቃብር አሠሩለት፤ በዚያች ሌሊት አብሮት የነበረው ባለቅኔው አፖሊኔር የጻፈለት ግጥምም በድንጋዩ ላይ ተቀረጸ። ፒካሶ ያችን የ5 ፍራንክ ሥዕል በ1973 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ ከእጁ አላወጣትም። ሩሶ የተኛችን ሴት አንበሳ ሲያሸታት የሚያሳየውን ሥዕሉን ለትውልድ ከተማው ለመሸጥ ጠይቆ እንቢ ተብሎ ነበር፤ ዛሬ ሥዕሉ በኒውዮርክ ቤተ መዘክር ይገኛል። ላቫልም በ1947 ዓ.ም. አፅሙን ወስዳ በክብር አሳረፈች።

ግብዣው ፌዝ ነበረ ወይስ ክብር? ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። እኛ ግን ከሁሉ ይልቅ ግብዣውን የተረዳው፥ ሰም በራሱ ላይ እየወረደ ቫዮሊን የመታው ሽማግሌ ይመስለናል።