የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ታሪክ

ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የተወለዱት በሸዋ፥ በጨቦ አገር ነው። በልጅነታቸው ዘመን የሸዋ ንጉሥ ምኒልክ ግዛታቸውን ለማስፋት ይዘምቱ ነበር። ጦራቸውም ወደ ጨቦ በዘመተ ጊዜ ይህ ብላቴና ተማርኮ ተወሰደ። የተማረከ ልጅ እናቱን አያይም፥ የአባቱን ከብት አይጠብቅም፤ ከማያውቃቸው ሰዎች መካከል ያድራል።

ነገር ግን ምርኮኛው ብላቴና በሐዘን ተሸንፎ አልቀረም። በንጉሡ ቤት አደገ፤ የታዘዘውንም በትጋት ፈጸመ። በዚህም ምክንያት ከትንሽ አገልግሎት ወደ ትልቅ አገልግሎት ከፍ እያለ ሄደ።

በ1888 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ ከአፄ ምኒልክ ጋር ወደ አድዋ ዘመቱ። በዚያ ጦርነት ጀግናው ፊታውራሪ ገበየሁ ስለ ወደቁ የፊታውራሪነቱ ሹመት ለእርሳቸው ተሰጠ። ፊታውራሪ ማለት በጦር ፊት የሚሄድ አለቃ ነው።

በሚቀጥለውም ዓመት ከዝዋይና ከሻላ ሐይቆች እጅግ ርቆ በደቡብ ወደሚገኘው ወደ ቦረና ጦር መርተው ሄዱ፤ አገሩንም ለንጉሠ ነገሥቱ አስገበሩ። በልጅነቱ የተማረከው ሰው አሁን እርሱ ራሱ በሌላው አገር ላይ ዘማች ሆነ። ጦርነት እንዲህ ነው፤ ትናንት ያስለቀሰው ዛሬ ሌላውን እንዲያስለቅስ ያደርጋል።

በ1900 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የጦር ሚኒስትር ሆኑ። ለመናገር የማይቸኩሉ፥ ፍርድ አዋቂ ሰው ስለ ነበሩ ሕዝቡ አባ መላ ይላቸው ነበር። ስለ ፍርዳቸው የሚነገረው ወግ እስከ ዛሬ ብዙ ነው።

አፄ ምኒልክ ከሞቱ በኋላ መንግሥቱ ታወከ። በመስከረም 1909 ዓ.ም. መኳንንቱ ልጅ ኢያሱን ከሥልጣን አወረዱ፤ ወይዘሮ ዘውዲቱን ንግሥተ ነገሥታት፥ ራስ ተፈሪንም አልጋ ወራሽ አደረጉ። የልጅ ኢያሱ አባት የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ግን ይህን በሰሙ ጊዜ ብዙ ሠራዊት ይዘው ወደ ሸዋ ገሠገሡ። በቶራ መስክም የራስ ልዑል ሰገድን ጦር ድል አደረጉ፤ ራስ ልዑል ሰገድም በዚያ ሞቱ። አዲስ አበባ በፍርሃት ተሞላች።

ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ግን አልደነገጡም። ንጉሥ ሚካኤል ወዲያው ወደ ከተማው ስላልገፉ በዚያ ጊዜ የሸዋ ጦር እየመጣ ተሰበሰበ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ሜዳ ታላቅ ጦርነት ሆነ። የሸዋ ጦር ድል አደረገ፤ ንጉሥ ሚካኤልም ተማረኩ። ሆኖም በዚያ ሜዳ የወደቁት ሁሉ፥ ከዚህም ወገን ከዚያም ወገን፥ የአንድ አገር ልጆች ነበሩ።

ከዚያ ቀን በኋላ በእጃቸው ብዙ ጦር ነበረ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ዘውድ ሊመኝ በቻለ ነበር። እርሳቸው ግን ዘውድን ለራሳቸው አልፈለጉም፤ ንግሥቲቱንና አልጋ ወራሹን እየመከሩ አገለገሉ። በ1910 ዓ.ም. ወታደሩ በሚኒስትሮቹ ላይ ተነሥቶ ሌሎቹ ሲሻሩ እርሳቸው ብቻ በሹመታቸው ጸኑ።

ጉድለትም አልነበራቸውም አይባልም። የድሮውን ሥርዓት እጅግ ስለሚወዱ ከውጭ አገር የሚመጣውን አዲስ ነገር ይጠራጠሩ ነበር፤ በዚህም ከአልጋ ወራሹ ጋር አሳባቸው የማይስማማበት ጊዜ ነበረ። ቢሆንም የአሳብ ልዩነት ወደ ጦርነት እንዲያደርሳቸው አልፈቀዱም።

ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በታኅሣሥ ወር 1919 ዓ.ም. አረፉ። በአዲስ አበባ በስማቸው የሚጠራ ድልድይ አለ፤ በየቀኑ ብዙ ሰው ይሻገርበታል።

ልጆች ሆይ፥ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፥ በልጅነት የደረሰ መከራ የሰውን ፍጻሜ አይወስንም። ሁለተኛው፥ ኀይል ያለው ሰው ታላቅነቱ የሚታወቀው ሊወስድ የሚችለውን ሳይወስድ በቀረ ጊዜ ነው።