ቮልቴርና እንግሊዝ

ቮልቴር (የትውልድ ስሙ ፍራንሷ-ማሪ አሩዌ፤ ከኖቬምበር 21 ቀን 1694 እስከ ሜይ 30 ቀን 1778 እ.ኤ.አ.) የፈረንሳይ ጸሐፊ፣ ባለቅኔና ፈላስፋ ነበር። በ31 ዓመቱ ወደ እንግሊዝ ተሰዶ ከሁለት ዓመት በላይ ሲኖር የአገሩን ቋንቋ፣ ቴአትር፣ ሳይንስና አስተዳደር ወደደ። ይህን ፍቅሩን የገለጸበት መጽሐፍ በፓሪስ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተቃጥሏል። በዚህ ገጽ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የስደቱ ምክንያት

ቮልቴር የውልና ማስረጃ ጸሐፊ ልጅ እንጂ የመኳንንት ዘር አልነበረም። በ1726 መጀመሪያ ሼቫሊዬ ደ ሮአን ከሚባል የታላቅ ቤተሰብ ልጅ ጋር በቃላት ተጣላ። ሰውየው አሽከሮቹን ልኮ በፓሪስ መንገድ ላይ በዱላ አስደበደበው። ቮልቴር ሰይፍ ይዞ ሊፋለመው ሲዘጋጅ ግን የታሰረው ደብዳቢው ሳይሆን ተደብዳቢው ሆነ። ባስቲል ወኅኒ ቤት ከገባ በኋላ ወደ እንግሊዝ ለመሄድ ጠይቆ ተፈቀደለትና በሜይ ወር ተሻገረ። በኋላ ስለ እንግሊዝ ሕግ የጻፈውን ለመረዳት ይህን ዱላ ማስታወስ ይጠቅማል።

ቋንቋውን መማሩ

በዚያ ዘመን የተማረ ፈረንሳዊ እንግሊዝኛ የመማር ልማድ አልነበረውም፤ ፈረንሳይኛ በመላው አውሮፓ ቤተ መንግሥቶች ይነገር ስለነበር አያስፈልገውም ነበር። ቮልቴር ግን ከለንደን አቅራቢያ በዎንድስወርዝ፣ ኤቨራርድ ፎክነር በሚባል ነጋዴ ቤት ተቀምጦ በትጋት ተማረ። ማታ ማታ ድሩሪ ሌን ቴአትር ቤት ይሄድ ነበር። ተዋንያን ቃል ሲረሱ የሚያስታውሳቸው የቴአትር ቤቱ ሠራተኛ ዊልያም ቼትዉድ የዕለቱን ተውኔት ጽሑፍ ይሰጠው ስለነበር፣ መድረኩን እያዳመጠ በጽሑፉ ይከታተል ነበር። የግል ማስታወሻውን ሳይቀር በእንግሊዝኛ መጻፍ ጀመረ።

በ1727 መጨረሻ፣ ማለትም ከመጣ ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ ስለ ፈረንሳይ የእርስ በርስ ጦርነቶችና ስለ ጀግንነት ግጥም ሁለት ድርሰቶች በእንግሊዝኛ አሳተመ። በ1728 ላ ሄንሪያድ የተባለው ረጅም ግጥሙ ለንደን ውስጥ፣ አስቀድመው ገንዘብ በከፈሉ አንባቢዎች ወጪ ታተመ። ለንግሥት ካሮላይን ያበረከተበትን መግቢያም በእንግሊዝኛ ጻፈው። ከአሌክሳንደር ፖፕና ከጆናታን ስዊፍት ጋርም ተዋወቀ።

ኒውተን በ1727 ሲሞት ቮልቴር እዚያው ነበር። አንድ የሒሳብ ሊቅ በዌስትሚንስተር አቢ እንደ ንጉሥ መቀበሩ፣ መሳፍንትም አስከሬኑን ማጀባቸው በጣም አስገረመው። ዛሬ ሁሉም የሚያውቀውን የፖም ፍሬ ታሪክ በጽሑፍ ካሰራጩት ሰዎችም አንዱ እሱ ነው፤ ታሪኩ የመጣው ከኒውተን የእህት ልጅ ነበር።

የተቃጠለው መጽሐፍ

ስለ እንግሊዞች የጻፋቸው ደብዳቤዎች በ1733 ለንደን ውስጥ በእንግሊዝኛ፣ በ1734 ደግሞ የፍልስፍና ደብዳቤዎች በሚል ርእስ በፈረንሳይኛ ወጡ። የመጀመሪያዎቹ አራቱ የሚናገሩት ካህን ስለሌላቸውና ለማንም ባርኔጣ ስለማያወልቁ ኩዌከሮች ነው። በሌላ ቦታ በለንደን የንግድ አዳራሽ አይሁዳዊው፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በሰላም ሲገበያዩ ያሳያል። ስለ ፈንጣጣ ክትባትም ጽፏል፤ ሌዲ ሜሪ ዎርትሊ ሞንታጉ ከቱርክ ይዛው የመጣችውን ዘዴ እንግሊዞች ሲቀበሉ ፈረንሳዮች እምቢ ማለታቸውን ይወቅሳል። ቮልቴር ራሱ በ1723 ከፈንጣጣ ለጥቂት የተረፈ ሰው ነው። ክትባት ያልወሰደው ንጉሥ ሉዊ 15ኛም በ1774 የሞተው በዚሁ በሽታ ነበር።

መጽሐፉ እንግሊዝን ሲያመሰግን በተዘዋዋሪ ፈረንሳይን እንደሚከስ ባለሥልጣናቱ ወዲያው ተረዱ። በጁን 1734 የፓሪሱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲቃጠል ወሰነ፤ አታሚው ባስቲል ገባ። ቮልቴርም የእስር ትእዛዝ ስለወጣበት ወደ ሲሬ፣ ወደ ኤሚሊ ዱ ሻትሌ ቤት ሸሸ። በዚያ ሆኖ የኒውተንን ፊዚክስ ለፈረንሳይ አንባቢ የሚያስረዳ መጽሐፍ አዘጋጅቶ በ1738 አሳተመ። በ1743 የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ አባል አድርጎ መረጠው።

የሳለው ሥዕል ግን ሙሉ አልነበረም። ያን ጊዜ በእንግሊዝ ካቶሊኮች በሕግ ከመንግሥት ሥልጣን ተከልክለው ነበር። ቮልቴር የፈለገው ለአገሩ ሰዎች መስታወት ማቆም ስለነበር የሚመቸውን መርጧል ማለት ይቻላል።

የኋለኛው ዘመን

በ1757 እንግሊዞች አድሚራል ጆን ቢንግን በውጊያ የሚገባውን አላደረገም ብለው ሊረሽኑት ሲሉ፣ ቮልቴር የአድሚራሉ ባላጋራ የነበረው የፈረንሳይ የጦር መሪ ሪሽሊዩ የጻፈውን የመከላከያ ደብዳቤ ላከለት። አልጠቀመም፤ ቢንግ ተረሸነ። ቮልቴርም በ1759 ባሳተመው ካንዲድ ውስጥ ግድያውን በምጸት አስገብቶታል። (የእንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን ራሴላስ፣ ማለትም የሐበሻው ልዑል ታሪክ፣ በዚያው ዓመት የወጣ ሲሆን ሁለቱ መጻሕፍት እስከ ዛሬ ይነጻጸራሉ።)

ሼክስፒርን በተመለከተ ሐሳቡ ተለወጠ። ከዚህ በፊት የሃምሌትን ዝነኛ ንግግር በፈረንሳይኛ ግጥም ተርጉሞ ለአገሩ ሰው ያስተዋወቀው እሱ ነበር። አዲስ የሼክስፒር ትርጉም ወጥቶ ተርጓሚው ከፈረንሳይ ባለተውኔቶች በላይ ሲያሞግሰው ግን ተቆጣ፤ በ1776 በፈረንሳይ አካዳሚ የተነበበ የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፈ። የገዛ እጁ ያስገባው እንግዳ ቤቱን የወሰደበት ይመስላል።

እንግሊዝኛውን ግን አልተወም። በፈርኔ መኖሪያው እንግሊዛውያን እንግዶችን ይቀበል ነበር፤ ጄምስ ቦስዌልም በ1764 ጎብኝቶታል። በ1778፣ ከመሞቱ ጥቂት ወራት በፊት፣ ቤንጃሚን ፍራንክሊን በፓሪስ የልጅ ልጁን ይዞ ሲመጣ ቮልቴር እጁን በልጁ ራስ ላይ ጭኖ በእግዚአብሔርና በነጻነት ስም ባረከው። የባረከው በእንግሊዝኛ ነበር።