ሩዶልፍ ፊርኾና የአራሶች ድንገተኛ ሞት

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የአውሮፓ ሐኪሞች ሁሉ የሚያውቁት፣ ነገር ግን መነሻውን ሊያስረዱ ያልቻሉት አንድ የሞት ዓይነት ነበር። በሰላም የተገላገለች እናት ሳምንት ያህል በአልጋ ላይ ከቆየች በኋላ ለመነሣት ብድግ ስትል ድንገት ትንፋሽ ያጥራታል፤ ደረቷን ይዛ ትወድቃለች፤ ብዙ ሳትቆይም ሕይወቷ ያልፋል። ከእነዚህ ሴቶች መካከል የአንዳንዶቹ አንድ እግር፣ ይልቁንም ግራው፣ ቀደም ብሎ አብጦና ነጥቶ ይታይ ነበር። የቀድሞዎቹ ሐኪሞች እብጠቱን ከጡት ሳይወጣ የቀረ ወተት ወደ እግር ወርዶ የተጠራቀመ ነው ብለው ያምኑ ስለ ነበር የወተት እግር ብለው ሰይመውታል። የእግሩን በሽታና በሳንባ በኩል የሚመጣውን ሞት አንድ አድርጎ በማያጠራጥር ማስረጃ ያሳየው ግን ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ጀርመናዊ ሐኪም ሩዶልፍ ፊርኾ ነው።

ፊርኾ የተወለደው ኦክቶበር 13 ቀን 1821 ዓ.ም. ነው (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው)። የትውልድ ስፍራው በፕሩሲያ መንግሥት በፖሜራኒያ ክፍለ ሀገር የምትገኘው ትንሿ ከተማ ሺፌልባይን ስትሆን፣ ይህች ከተማ ዛሬ በፖላንድ ውስጥ ነች። አባቱ እርሻ ያለውና የከተማው ገንዘብ ያዥ የነበረ ሰው ነው። ወጣቱ በ1839 መንግሥት ለወደፊት የጦር ሠራዊት ሐኪሞች ወደሚያስተምርበት የበርሊን ተቋም ገባ፤ በ1843ም በዶክትርና ተመርቆ በታላቁ የሻሪቴ ሆስፒታል ሥራ ጀመረ። እዚያ የተሰጠው ተግባር የሞቱትን መመርመር ነበር። ሕያዋንን ከማከም ያነሰ ሥራ ይመስል ይሆናል፤ ፊርኾ ግን በሽታን እንደ ተበላሸ ማሽን ፈትቶ የማየትን ልማድ ያገኘው ከዚህ ቦታ ነው።

የሥራው የበላይ የነበረው ሮበርት ፍሮሪፕ የደም ሥር ብግነትን ጉዳይ እንዲያጠና አዘዘው። በዚያን ጊዜ ፓሪስ የሕክምና ዋና ከተማ ነበረች፤ የፓሪሱ ሊቅ ክሩቬልዬም የደም ሥር ብግነት የበሽታዎች ሁሉ ገዥ ነው የሚል ትምህርት አሰራጭቶ ነበር። በዚህ አስተሳሰብ መሠረት በሳንባ ደም ቅዳ ውስጥ የተገኘ የረጋ ደም እዚያው ሳንባው ውስጥ በተነሣ ብግነት የተፈጠረ ነው። ፊርኾ ይህን ሳይመረምር አልተቀበለም። ሳንባው ተደፍኖ የተገኘበትን አስከሬን ሁሉ እስከ እግሩ ድረስ እየተከታተለ ቢመረምር፣ በጭን ወይም በዳሌ ደም መልስ ውስጥ ሌላ የረጋ ደም በተደጋጋሚ አገኘ። በአንዳንዱም ላይ የሁለቱ ቁራጮች ስብራት እንደ ተሰበረ ሸክላ እርስ በርሱ ይገጥም ነበር።

መገጣጠሙ ጥሩ ምልክት ቢሆንም በቂ ማስረጃ አይደለም። ስለዚህ ከ1846 ጀምሮ በውሾች ላይ ተከታታይ ሙከራ አደረገ። የጎማና የሥጋ ቁራጭ፣ እንዲሁም የረጋ ደም በእንስሳቱ የአንገት ደም መልስ ውስጥ አስገብቶ ከጊዜ በኋላ ሳንባቸውን ሲከፍት፣ ያስገባው ነገር በሳንባ ደም ቅዳ ውስጥ ተሰንቅሮ ተገኘ። ጎማ በሳንባ ውስጥ በብግነት ሊፈጠር አይችልም፤ ከሌላ ስፍራ ተጉዞ ከመጣ በቀር። ክርክሩን ይህ ጨረሰው።

የመንገዱን አሠራር የውሃ መስመር የዘረጋ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ከጠባብ ቱቦ ወደ ሰፊ፣ ከሰፊው ወደ ይበልጥ ሰፊ ይፈስሳል፤ ስለዚህ ከባት ወይም ከጭን የተነቀለ ቁራጭ በመንገዱ የሚያቆመው ነገር የለም። በልብ ቀኝ ክፍል አልፎ ወደ ሳንባ ሲደርስ ግን ቱቦው እየተከፋፈለ ይጠባል፤ ቁራጩም እዚያ ይወተፋል። መዘጋቱ ትልቅ ከሆነ ልብ ደም የሚገፋበት መውጫ ያጣል። እናቲቱ ከአልጋዋ ስትነሣ የሆነው ይኸው ነው።

ፊርኾ በደም ሥር ውስጥ ለሚሆነው መርጋት ትሮምቦሲስ፣ ተነቅሎ ሄዶ ለሚዘጋውም ኤምቦሊያ የሚሉትን ከግሪክ የተወሰዱ ስሞች ሰጠ፤ ስሞቹም በመላው ዓለም ሥራ ላይ ናቸው። ዛሬ የሕክምና ተማሪዎች የፊርኾ ሦስትዮሽ ብለው የሚያጠኑት ደንብ ደም በሥሩ ውስጥ የሚረጋው ወራጁ ሲዘገይ፣ የቱቦው ግድግዳ ሲጎዳ ወይም የደሙ ጠባይ ሲለወጥ ነው ይላል። በእርግጥ ሐሳቦቹ በጽሑፎቹ ውስጥ ተበታትነው ቢገኙም ሦስቱን በአንድ ደንብነት አስሮ ያወጀው እርሱ አይደለም፤ ስያሜው የተሰጠው ከሞተ ከብዙ ዐሥርተ ዓመታት በኋላ ነው። ቢሆንም ስሙ አላግባብ አልተሰጠም።

ነፍሰ ጡርና አራስ ሴት ሦስቱም ሁኔታዎች ባንድ ጊዜ የሚገናኙባት መሆኗ ነው ጉዳዩን ከባድ የሚያደርገው። በመጀመሪያ ወራጁ ይዘገያል። እያደገ የሚሄደው ማሕፀን ከእግር የሚመለሱትን ታላላቅ ደም መልሶች ይጫናል፤ የእርግዝና ሆርሞኖችም ግድግዳቸውን ያላላሉ። ወደ ቀኝ እግር የሚወርደው ደም ቅዳ ከግራ እግር በሚመለሰው ደም መልስ ላይ ተሻግሮ ከአከርካሪው ጋር ስለሚያጣብቀው፣ የግራው እግር ይበልጥ ይጠቃል። የግራውን ብልጫ ፊርኾ ራሱ በአስከሬን ምርመራ አስተውሎ ምክንያቱንም በዚሁ መሻገር አስረድቷል። በዛሬ ጥናቶች በእርግዝና ጊዜ ከሚደርሰው የእግር ደም መርጋት ከመቶ 80 በላይ የሚሆነው በግራ በኩል ነው። ሁለተኛ፣ ምጡና ወሊዱ፣ በተለይም ቀዶ ሕክምና ካለበት፣ በዳሌ ውስጥ ያሉትን ደም ሥሮች ይጎዳል።

ሦስተኛው የደሙ ለውጥ ነው፤ ፊርኾ በዘመኑ መሣሪያ ሊለካው ያልቻለውም ይህንን ነበር። ደም ሲረጋ መረብ የሚሠራው ፋይብሪኖጅን የተባለ ፕሮቲን በጤነኛ ሰው ደም በሊትር ከ2 እስከ 4 ግራም ሲሆን፣ በእርግዝና መጨረሻ ከ4 እስከ 6 ግራም ይደርሳል። ሰባተኛው፣ ስምንተኛውና አሥረኛው የመርጋት አጋዦችም ይጨምራሉ። በአንጻሩ መርጋትን የሚገታው ፕሮቲን ኤስ ይቀንሳል፤ የረጋውን መልሶ የሚያሟሟው ሥርዓትም ከእንግዴ ልጅ በሚመነጩ ነገሮች ይታገዳል። ይህ ሁሉ ያለ ምክንያት የሚሆን አይደለም። በእርግዝና መጨረሻ ወደ ማሕፀን የሚፈስሰው ደም በደቂቃ ከግማሽ ሊትር በላይ ነው፤ እንግዴ ልጅ ሲላቀቅ ያ ሁሉ መስመር ክፍት ይቀራል። ማሕፀኑ ተጨማድዶ ደሙም ፈጥኖ ካልረጋ እናቲቱ በደቂቃዎች ውስጥ ደሟ ፈስሶ ታልቃለች። ተፈጥሮ ከደም መፍሰስ የሚጠብቃትን መከላከያ ያዘጋጀችው የመርጋትን አደጋ በማብዛት ዋጋ ነው። አደጋው ነፍሰ ጡር ካልሆነችው እኩያዋ ከአራት እስከ አምስት እጥፍ ይደርሳል፤ ከሺህ እርግዝና አንድ ወይም ሁለት ያህሉን ይነካል፤ ከወሊድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታትም እጅግ ይብሳል። በዚህ ላይ በዚያ ዘመን አራስን ለብዙ ቀን ከአልጋ አትነሽ ማለት የጥንቃቄ ምልክት ነበር። በደግነት የታዘዘው ዕረፍት የቀዘቀዘውን ወራጅ ይበልጥ ያቀዘቅዘው ነበር።

ፊርኾ በዚህ ጥናት መካከል ሳለ በ1848 መጀመሪያ የፕሩሲያ መንግሥት ወደ ላይኛው ሲሌዥያ ላከው። በዚያ ረኀብና ተስቦ ሕዝቡን ይፈጁት ነበር። ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘዋውሮ ካየ በኋላ የጻፈው ዘገባ መንግሥት የጠበቀው ዓይነት አልነበረም፤ ለወረርሽኙ ድኽነትን፣ መሃይምነትንና የአስተዳደሩን ቸልተኝነት ተጠያቂ አድርጎ፣ መድኃኒቱም ዴሞክራሲ፣ ትምህርትና መንገድ ነው ሲል ደመደመ። ወደ በርሊን እንደ ተመለሰ አብዮቱ ፈነዳ፤ እርሱም ከአብዮተኞቹ ጋር በምሽግ ላይ ቆመ። አብዮቱ ሲከሽፍ ቦታው አደጋ ላይ ስለ ወደቀ በ1849 በባቫርያ ወደሚገኘው የቩርትስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ፕሮፌሰር ሆነ።

በ1850 ሮዘ ማየርን አገባ። አባቷ ካርል ማየር በበርሊን የታወቀ የማሕፀንና የወሊድ ሐኪም ስለ ነበር፣ የወላዶች ነገር ለፊርኾ የሆስፒታል ብቻ ሳይሆን የቤተ ዘመድም ጨዋታ ነበር ማለት ይቻላል። በ1856 ወደ በርሊን ሲመለስ ባሳተመው ትልቅ የጥናቶች ስብስብ ውስጥ ከልዩ ልዩ የደም መርጋት ዓይነቶች መካከል የአራሶችን ራሱን የቻለ ክፍል አድርጎ አስቀምጦታል። ከሁለት ዓመት በኋላም እያንዳንዱ በሽታ መነሻው የሕዋስ መታወክ መሆኑን ያስተማረበትን፣ ዝናው በዓለም የናኘበትን መጽሐፍ አወጣ።

ይሁን እንጂ የዚህ ታላቅ ሰው ታሪክ ሲጻፍ ሊታለፍ የማይገባው ሌላ ነገር አለ። በ1847 በቪየና ዋና ሆስፒታል ኢግናትስ ዜመልቫይስ የተባለ ሐኪም ከአስከሬን ክፍል ወደ ማዋለጃ የሚገቡት ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ አዘዘ፤ በ1846 ከመቶ 11 የነበረው የእናቶች ሞትም በ1848 ወደ አንድ ግድም ወረደ። ፊርኾ ይህን ትምህርት ሊቀበል አልፈለገም፤ የአራስ ትኩሳት የዓየሩን ጠባይ ጨምሮ ብዙ መነሻዎች አሉት ባይ ነበር። የበርሊኑ ሊቅ ቃል ምን ያህል ይከበር እንደ ነበር የሚያውቅ፣ ተቃውሞው ስንት ማዋለጃ ቤቶችን እንዳዘገየ ለመገመት አይቸገርም። በሽታን ሁሉ ከውስጥ የሚፈልግ ዓይን ከውጭ የሚገባውን ማየት ተሳነው። የሚያሳዝነው ደግሞ የአራስ ትኩሳት ራሱ የደም ሥርን ግድግዳ ጎድቶ ደሙን ከሚያረጉት ነገሮች አንዱ መሆኑ ነው፤ ዜመልቫይስ የሚታገለው ከፊርኾ ጥናት ደጃፍ ላይ ነበር። ዜመልቫይስ በ1865 በአእምሮ ሕሙማን ቤት ሞተ።

ፊርኾ በሌላ በኩል ለንጽሕና ያበረከተውን ማንም አይክደውም። በ1859 ለበርሊን ከተማ ምክር ቤት ተመርጦ እስከ ዕለተ ሞቱ አባል ሆኖ ቆየ። በ1871 የበርሊን ነዋሪ ከ800 000 በላይ ሲሆን፣ የከተማዋ እድፍ በየመንገዱ ዳር በተከፈተ ቦይ ይፈስስ ነበር። መሐንዲሱ ጄምስ ሆብሬኽት ከተማዋን በ12 ክፍሎች ከፍሎ፣ የየክፍሉ ፍሳሽ በመሬቱ ዝቅታ ወደ አንድ የፓምፕ ጣቢያ ተሰብስቦ ከዚያ በግፊት ከከተማው ውጭ ወዳሉ የእርሻ መስኮች እንዲሄድ ዕቅድ አወጣ። ፍሳሹን ወደ ሽፕሬ ወንዝ ይለቀቅ የሚል ሌላ ዕቅድም ቀርቦ ነበር። ፊርኾ የሞትና የበሽታ ቁጥሮችን፣ የአፈርና የከርሰ ምድር ውሃ ጥናቶችን አሰባስቦ በ1873 ያቀረበው አጠቃላይ ዘገባ ለሆብሬኽት ዕቅድ ጠንካራ ድጋፍ ሆነ፤ ሥራውም በዚያው ዓመት ተጀመረ። ሐኪምና መሐንዲስ እንዲህ ተግባብተው የሠሩት ሥራ በዚያ መቶ ዓመት ብዙ አይገኝም።

በፖለቲካም የፕሩሲያ ምክር ቤት አባል፣ የዕድገት ፓርቲ መሥራችና የቢስማርክ ብርቱ ተቃዋሚ ነበር፤ በ1865 ቢስማርክ በመሣሪያ እንጋጠም ብሎ ቢጠይቀው አልተቀበለም። በጥንታውያን ቅርሶችና በሰው ዘር ጥናት ላይም ብዙ ደክሟል።

በደም መርጋት ላይ ከፊርኾ በኋላ የመጣው ትልቅ እርምጃ በ1916 በአሜሪካ ባልቲሞር የተገኘው ሄፓሪን ነው። ሄፓሪን ከእናቲቱ ደም በእንግዴ ልጅ አልፎ ወደ ጽንሱ ስለማይደርስ ለነፍሰ ጡሮች የተመረጠ መድኃኒት ሆኗል፤ ዋርፋሪን ግን አልፎ ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። አራሶች ዛሬ ሐኪም ካልከለከላቸው በቀር ፈጥነው ተነሥተው እንዲንቀሳቀሱ ይመከራሉ።

ፊርኾ ሰማንያ ዓመት ከሞላው በኋላ ጃንዋሪ 4 ቀን 1902 በበርሊን ላይፕትሲገር መንገድ ላይ ገና ከሚሄድ ትራም ሲወርድ ወድቆ የጭን አጥንቱ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ጤናው አልተመለሰም፤ ሴፕቴምበር 5 ቀንም ዐረፈ። መሐንዲሱ ሆብሬኽት በዚያችው ከተማ የሞተው ከሦስት ቀን በኋላ ነው።