የላባው ኳስ ሠሪ ቶም ሞሪስ

የጥንት የጎልፍ ዕቃ መሰብሰብ የሚጀምር ሰው የቶም ሞሪስን ታሪክ ቢያውቅ ይጠቅመዋል። ቶም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1821 ዓ.ም. በስኮትላንድ፣ በሴንት አንድሩስ ከተማ ተወለደ። በወጣትነቱ በአለን ሮበርትሰን ዘንድ ተቀጥሮ ላባ የታጨቀበት የቆዳ ኳስ ይሠራ ነበር። በ1848 ዓ.ም. ገደማ ጉታፐርቻ ከተባለ የዛፍ ሙጫ የተሠራ ርካሽ ኳስ በመጣ ጊዜ ቶም አዲሱን ወደደ፤ አሠሪው ግን ለላባው ንግድ ስለ ሠጋ ተጣልተው ተለያዩ። ቶም በ1851 ዓ.ም. ወደ ፕሬስትዊክ ሄዶ የጎልፍ ሜዳ ጠባቂ ሆነ፤ በ1861፣ በ1862፣ በ1864 እና በ1867 ዓ.ም. በኦፕን ውድድር አሸንፎ በ1908 ዓ.ም. ዐረፈ።

ዛሬ ሰብሳቢዎች በብርቱ የሚፈልጉት ያንኑ የተተወውን የላባ ኳስ፣ ይልቁንም የሠሪው ስም የታተመበትን ነው። እንግዲህ ጀማሪው ከመግዛቱ በፊት ዕቃውን ማን፣ መቼ እንደ ሠራው ይመርምር፤ ዕቃ ያለ ታሪኩ ዋጋው ጥቂት ነውና።