ሔለን ታውሲግ፥ የሕፃናት ልብ ሐኪም

ሔለን ታውሲግ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1898 ዓመተ ምሕረት በአሜሪካ አገር በካምብሪጅ ከተማ ተወለደች። በ11 ዓመቷ እናቷ በሳምባ ነቀርሳ ሞተችባት። ፊደል እየተምታታባት ማንበብ እጅግ ይቸግራት ነበርና አባቷ በትዕግሥት ያስጠናት ነበር። በ1927 በባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ የሕክምና ትምህርቷን ፈጸመች። በኋላም ጆሮዋ እየደከመ ስለ ሄደ፥ የሕፃናትን የልብ ትርታ በጣቶቿ እየዳሰሰች መለየትን ተለማመደች።

ከ1930 ጀምሮ በዚያው ከተማ ልበ ሕሙማን ሕፃናትን ስታክም፥ ከንፈራቸውና ጥፍራቸው ሰማያዊ የሆነ ልጆች ይመጡላት ነበር። ከእነዚህ ብዙዎቹ በልባቸው ግድግዳ ቀዳዳ ነበረባቸው፤ ደም ወደ ሳምባ የሚያልፍበትም መንገድ ጠባብ ስለ ነበረ፥ ንጹሕ አየር ያልወሰደ ደም በሰውነታቸው ይዘዋወር ነበር። ሔለን ግን አንድ ነገር አስተዋለች። ሕፃን በማሕፀን ሳለ የሚያገለግለው፥ ከተወለደ በኋላ የሚዘጋው ትንሽ የደም ሥር ክፍት ሆኖ የቀረላቸው ልጆች ይሻላቸው ነበር፤ ሥሩ ሲዘጋ ግን ይብስባቸዋል። ስለዚህ ይህን መንገድ የሚተካ ሌላ መንገድ በሰው እጅ ይሠራ ዘንድ አሰበች። በ1938 ያንኑ ሥር በመዝጋት የታወቀውን የቦስተኑን ቀዶ ጠጋኝ ሮበርት ግሮስን ጠየቀችው፤ እርሱ ግን አልተቀበላትም። መዝጊያውን ላገኘ ሰው መክፈቻውን ፈልግ መባሉ እንግዳ ሳይሆንበት አልቀረም።

በ1941 ቀዶ ጠጋኙ አልፍሬድ ብላሎክ ወደ ባልቲሞር መጣ። ረዳቱ ቪቪየን ቶማስ፥ የሕክምና ትምህርት ቤት ያልገባ ጥቁር አሜሪካዊ፥ ሥራውን በውሾች ላይ ደጋግሞ ሞከረ። ኖቬምበር 29 ቀን 1944 የ15 ወር ልጅ፥ አምስት ኪሎ እንኳ ያልሞላች፥ ቀረበች። ቢቀዷት በቢላዋው ሥር ልትሞት ትችላለች፤ ቢተዉአትም ሞቷ የቀረበ ነበር። ብላሎክ ወደ ክንድ የሚሄደውን ሥር ከሳምባው ሥር ጋር ሰፋው፤ ቶማስም ከኋላው ቆሞ ይመክረው ነበር። ሕፃኗ ለጊዜው ተሻላት፤ ከወራት በኋላ ግን ሞተች። ሥራውን አልተዉም። በሦስተኛው ልጅ፥ ገና ከጠረጴዛው ሳይነሣ፥ ከንፈሩ ቀላ።

ከዚህ በኋላ ወላጆች ከሩቅ አገር ሁሉ ልጆቻቸውን ይዘው መጡ። ከባዱም ሥራ መምረጡ ነበር። መልካቸው አንድ ቢሆንም በሽታቸው አንድ አልነበረምና፤ አስቀድሞ ወደ ሳምባቸው ብዙ ደም ለሚሄድላቸው ይህ ቀዶ ጥገና አይረዳም። ሔለን በጣቶቿ ዳሰሳና በራጅ ብርሃን እየመረመረች፥ የሚቀደደውን ከማይቀደደው ትለይ ነበር። የለየችበትንም እውቀት በ1947 በመጽሐፍ አሳተመች።

በ1986 በመኪና አደጋ እስከ ሞተችበት ጊዜ ድረስ፥ የዚህን በሽታ መነሻ ለማግኘት የወፎችን ልብ ትመረምር ነበር።