ይድነቃቸው ተሰማና የቡድን ምርጫ ነገር

ክረምት ሲገባና ከትምህርት ወደ አዲስ ቅዳም ስንመለስ ከዳንግላና ከእንጅባራ ልጆች ጋር ኳስ መግጠማችን የታወቀ ነው። ከጨዋታው ይልቅ የሚያደክመን ግን ከጨዋታው በፊት የሚነሣው ክርክር ነው። ማን ይሰለፍ? ማንስ ይቅር? አንዱ የአጎቱን ልጅ ያቀርባል፤ ሌላው መለያውን የገዛሁት እኔ ስለሆንኩ እኔ ነኝ አጥቂ ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ከወዲያ ሰፈር የመጣውን ፈጣን ልጅ ሰፈሩን ጠርቶ ያስቀረዋል። በዚህ ምክንያት ስንት ጊዜ እንደተሸነፍን መቁጠሩን ትተነዋል። ስለዚህ ስለ ቡድን ምርጫ እንጻፍ ብለን ስንነሣ ከአንድ ሰው ታሪክ የተሻለ ማስረጃ አላገኘንም። ያም ሰው አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። (ዓመቶቹን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ጽፈናል።)

አቶ ይድነቃቸው የተወለዱት በጅማ፣ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በቅዱስ ዮሐንስ ዕለት ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በቅኔያቸውና በዜማቸው ስማቸው የገነነ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረጹት ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ናቸው። ከእንዲህ ያለ ባለ ቅኔ ቤት ኳስ ተጨዋች ይወጣል ብሎ የጠበቀ ሰው የነበረ አይመስለንም። በዚያ ዘመን ኳስ ማለት የሥራ ፈት ልጆች ጨዋታ ነበርና።

የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን በ1928 ዓ.ም. ሲቋቋም ይድነቃቸው ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። በዚያው ዓመትም ጠላት አገራችንን ወረረ። በእነዚያ አምስት ዓመታት ኳስ ጨዋታ በቀለም ተከፈለ፤ ጣልያኖች ለብቻቸው፣ የአገሩ ልጆችም ለብቻቸው እንዲጫወቱ ተደረገ። ጥቁሩ ከነጩ ጋር በአንድ ሜዳ ተሰልፎ ቢያሸንፍስ ብለው የፈሩ ይመስላል። ልጁ ይድነቃቸው ይህን በዐይናቸው አይተው አደጉ። ኋላ በሸመገሉበት ዘመን በዓለም ሸንጎ የተሟገቱበት ነገር መሠረቱ እዚህ ላይ እንደተጣለ አንባቢ ልብ ይበል።

ነፃነት ከተመለሰ በኋላ በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው የሻምፒዮና ውድድር በአዲስ አበባ ተደረገ። ተወዳዳሪዎቹ አምስት ነበሩ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ የኢትዮጵያውያን፣ አራራት የአርመኖች፣ ኦሎምፒያኮስ የግሪኮች፣ ፎርቲቱዶ የጣልያኖች፣ አምስተኛውም የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው። እንግዲህ ያን ጊዜ አንድ ሰው ከየትኛው ቡድን እንደሚሰለፍ የሚወስነው እግሩ ሳይሆን የትውልድ ወገኑ ነበር ማለት ነው። አቶ ይድነቃቸው ለቅዱስ ጊዮርጊስ 23 ዓመት ያህል ተጫውተው ጫማቸውን የሰቀሉት በ1950 ዓ.ም. ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ከ300 በላይ ጎል አስቆጥረዋል ይባላል። የአገራችን ብሔራዊ ቡድንም በኅዳር 1940 ዓ.ም. የፈረንሳይ ሶማሌላንድን 5 ለ 0 አሸንፎ የኢንተርናሲዮናል ጨዋታን ጀመረ።

በየካቲት 1949 ዓ.ም. ሱዳን ካርቱም ላይ የሆነው ነገር ሰፋ ተደርጎ ሊነገር ይገባዋል። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴራሲዮን ሲመሠረት የመጡት አራት አገሮች ብቻ ነበሩ፤ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። ኢትዮጵያን ወክለው ከተገኙት አንዱ አቶ ይድነቃቸው ናቸው። ለመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ቡድን እንድትልክ ስትጠየቅ ደቡብ አፍሪካ የሰጠችው መልስ ወይ ነጮች ብቻ፣ ወይ ጥቁሮች ብቻ እልካለሁ፤ የተቀላቀለ ግን አልልክም የሚል ነበር። ሦስቱ አገሮች እንዲህ ያለ ቡድን አንቀበልም አሉ። አራት ሆኖ የተጀመረው ማኅበር ሦስት ቀረ። ገና በእግሩ ያልቆመ ድርጅት ከአባላቱ ሩቡን ለመርህ ብሎ ሲያጣ ቀላል ነገር አልነበረም። ደቡብ አፍሪካ ስለቀረች ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ ደረሰች፤ ከዚያም በግብፅ 4 ለ 0 ተመታች። አራቱንም ጎል ያገባው ኤል ዲባ የተባለው አንድ ሰው ነው። በ1951 ዓ.ም. ካይሮ ላይ በተደረገው ሁለተኛ ውድድር ደግሞ እንደገና በግብፅ 4 ለ 0፣ በሱዳንም 1 ለ 0 ተሸንፈን ከሦስቱ መጨረሻ ሆንን።

ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ እንዲሆን ተወሰነ። አሠልጣኙ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ቡድኑን ሲመርጡ ከራሳቸው ክለብ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ብቻ ቢያወጡ የሚቆጣቸው ሰው አይኖርም ነበር። ነገር ግን ከአዲስ አበባም፣ ከድሬዳዋም፣ ከአስመራም ሰበሰቡ። ከቅዱስ ጊዮርጊስ መንግሥቱ ወርቁ፣ ከድሬዳዋው ጥጥ ማኅበር ሁለቱ የቫሳሎ ወንድማማቾች ሉቻኖና ኢታሎ፣ ከእነርሱም ጋር ግርማ ተክሌ፣ ጌታቸው ወልዴ፣ አዋድ መሐመድ፣ በረኛውም ጊላሚካኤል ተክለ ማርያም ነበሩ። ብዙዎቹ የኤርትራ ልጆች ናቸው። የቡድኑም አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ ሆነ። ሉቻኖ እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ጣልያናዊ ወታደር ነው። ጠላት ከወጣ ገና 21 ዓመት ብቻ ሆኖት ሳለ፣ በቀለማቸው ምክንያት ከሜዳ ተለይተው ያደጉ ሰው የጣልያን ስም ያለውን ልጅ የኢትዮጵያን ቡድን እንዲመራ አደረጉ። በእኛ አስተያየት አቶ ይድነቃቸው በሕይወታቸው ካደረጉት ምርጫ ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። ቂም ቢይዙ ኖሮ ማን ይፈርድባቸው ነበር?

ጥር 6 ቀን ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፍን። ጥር 13 ቀን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ከግብፅ ጋር ለፍጻሜ ገጠምን። ሁለት ጊዜ ዋንጫ የወሰደው፣ እኛንም ሁለት ጊዜ በአራት በአራት የመታው ቡድን ነው። በ35ኛው ደቂቃ ባዳዊ አገባብን። በ74ኛው ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ፤ ሕዝቡ ደስታውን ሳይጨርስ በ75ኛው ባዳዊ እንደገና አገባ። ከዚህ በኋላ ብዙ ቡድን ይፈርሳል። የእኛ ግን አልፈረሰም፤ በ84ኛው ሉቻኖ አቻ አደረገ፤ በተጨማሪው ሰዓት በ101ኛው ኢታሎ፣ በ117ኛው መንግሥቱ አከሉበት። 4 ለ 2። ሉቻኖ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ መሆኗ በተጨማሪው ሰዓት ለእኛ እንደ አሥራ ሁለተኛ ተጨዋች እንደሆነልን አንክድም። ቢሆንም ከፍታው ብቻውን ጎል አያገባም፤ እስከ ተጨማሪው ሰዓት ሳይፈርስ የሚደርስ ቡድን መምረጥ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ወጣ እንበልና ስለ አንድ የእንግሊዞች ጨዋታ እንናገር፤ ነገሩ ከአቶ ይድነቃቸው ሥራ ጋር የተያያዘ ነውና። ክሪኬት ይባላል። የአዲስ ቅዳም ሰው ክሪኬትን ባያውቅም ጉግስን ያውቃል። በጉግስ አንዱ ፈረሰኛ ያሳድዳል፣ ዘንግ ይወረውራል፤ ሌላው እየጋለበ ጀርባውን በጋሻ ይከላከላል። በክሪኬትም አንዱ ኳስ ይወረውራል፤ ሌላው ከኋላው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች በመምቻው ይጠብቃል። የአገሮች ግጥሚያ እስከ አምስት ቀን ይፈጃል። ወርዋሪው ጎበዝ በሆነ ጊዜ ጥሩ መቺ ማለት ሁሉን ለመምታት የሚቸኩል አይደለም፤ አደገኛውን እየመከተ፣ አጉል የሆነውን እየተወ፣ ወርዋሪው ደክሞት እስኪሳሳት የሚታገሥ ነው። በሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል፣ ጥር 23 ቀን፣ ጋሻውን ሳያወርድ ቆይቶ ኋላ ዞሮ የሚያሳድደውን ፈረሰኛ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያሻውም። ለዚህ ጨዋታ መራጮቹ የሚፈልጉት እንግዲህ ልበ ሙሉ ሰው ነው።

ባዚል ዶሊቬራ እንዲህ ያለ መቺ ነበር። በደቡብ አፍሪካ በኬፕታውን ተወለደ፤ ክልስ በመባሉ ለትውልድ አገሩ መሰለፍ ስለተከለከለ በ1952 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ ተሰደደ፤ ለእንግሊዝም ተጫወተ። በነሐሴ 1960 ዓ.ም. ለንደን ኦቫል ሜዳ ላይ አውስትራሊያን ሲገጥሙ ብቻውን 158 ነጥብ አስቆጠረ። ከጥቂት ቀን በኋላ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄደው የእንግሊዝ ቡድን ስም ዝርዝር ሲወጣ ስሙ የለም። ነገሩ አገር አነጋገረ። ከተመረጡት አንዱ ተጎድቶ ሲቀር በምትኩ ዶሊቬራ ገባ፤ የደቡብ አፍሪካው ጠቅላይ ሚኒስትር ፎርስተርም ይህን ቡድን አልቀበልም አሉ። በመስከረም 1961 ዓ.ም. ጉዞው ተሰረዘ። እንግሊዞች በዚያ ዓመት የተማሩትን ነገር ካርቱም ላይ ሦስት ድሀ አገሮች ከአሥራ አንድ ዓመት በላይ ቀድመው ወስነውት ነበር። ይህን ስንጽፍ ትንሽ ኩራት ቢሰማን አንባቢ ይቅር ይለናል።

አቶ ይድነቃቸው ከዋንጫው በኋላ ዋና ሥራቸው በስብሰባ አዳራሽ ሆነ። ፊፋ ደቡብ አፍሪካን በ1954 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አግዶ ነበር፤ ነገር ግን እንግሊዛዊው ፕሬዚዳንት ሰር ስታንሊ ራውስ አገሩን ጎብኝተው ከተመለሱ በኋላ በጥር 1955 እገዳው ተነሣ። አፍሪካውያን ተቆጡ። በ1957 ቶኪዮ ላይ በተደረገው ጉባኤ ድምፅ ተሰብስቦ እንደገና ታገደች፤ በሐምሌ 1968 ዓ.ም. ጨርሳ ተባረረች። እነዚህን ዓመቶች በተርታ ስናያቸው አንድ መቺ ከጥሩ ወርዋሪ ፊት እንደሚቆም ሰው ይመስሉናል፤ አንድ ጊዜ መትቶ መሄድ ሳይሆን ሃያ ዓመት ቆሞ መመከት። በ1958 ዓ.ም. የአፍሪካ አገሮች የዓለም ዋንጫን የተዉትም ለአፍሪካ አንድ ሙሉ ቦታ ስላልተሰጠ ነው። በ1962 አንድ ቦታ ተገኘ፤ በ1974 ሁለት።

አቶ ይድነቃቸው የኮንፌዴራሲዮኑ ፕሬዚዳንት ሆነው የተመረጡት በ1964 ዓ.ም. ነው፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም በዚሁ ሥልጣን ቆዩ። የዓለም አቀፍ ኦሎምፒክ ኮሚቴ አባልም ነበሩ። ሁሉን ነገራቸውን ግን አናመሰግንም። ኮንፌዴራሲዮኑ ከ1958 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአውሮፓ የሚጫወቱ አፍሪካውያን በአንድ ብሔራዊ ቡድን ውስጥ ከሁለት እንዳይበልጡ ደንብ አውጥቶ ነበር፤ ደንቡ እስከ 1974 ዓ.ም. ጸንቷል። ሐሳቡ ሀብታሞቹ አገሮች ልጆቻችንን እየወሰዱ ክለቦቻችንን ባዶ እንዳያስቀሩ ነው። አቶ ይድነቃቸውም ገንዘብ ኳስን እንዳይገዛው እጅግ ይሠጉ ነበር። ሥጋታቸው ከንቱ አልነበረም፤ ዛሬ የአፍሪካ ክለቦችን ሁኔታ ያየ ያውቀዋል። ነገር ግን ደንቡ ጎበዙን ተጨዋች የእንጀራ ፍለጋ መንገዱን አይቶ የሚያስቀር ነበር። ቀለም አይቶ ማስቀረትን የተቃወመ ድርጅት ሌላ ዐይነት አጥር ማጠሩ ለእኛ አልተዋጠልንም። ከመካከላችን አንዳንዶች በዚህ አይስማሙም፤ ያለዚያ ደንብ የአገር ውስጥ ክለቦች ቀድመው ይሞቱ ነበር ይላሉ። ክርክሩ አላለቀም።

አቶ ይድነቃቸው በነቀርሳ ሕመም ሲሰቃዩ ቆይተው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በቡሄ ዕለት በአዲስ አበባ ዐረፉ። 65 ዓመታቸው ነበር። በቅዱስ ዮሐንስ ተወልደው በቡሄ መሞታቸውን ብዙ ሰው አያስተውለውም።

ደቡብ አፍሪካ ወደ ማኅበሩ የተመለሰችው በ1984 ዓ.ም. ነው። በጥር 1988 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን አዘጋጅታ ጥር 25 ቀን በጆሃንስበርግ ቱኒዚያን 2 ለ 0 አሸነፈች። ሁለቱንም ጎል ያገባው ማርክ ዊልያምስ ነው። ኔልሰን ማንዴላ በተገኙበት ዋንጫውን ያነሣው አምበል ኒል ቶቪ ነጭ ነው፤ ከኋላው የተሰለፉት አብዛኞቹ ጥቁሮች ናቸው። በየካቲት 1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ላኩ ተብለው እምቢ ያሉት እንዲህ ያለውን ቡድን ነበር።