ዶክተር ግሩንትሲግና እግር የምታድነው ፊኛ

እድር ለቀብር ብቻ ሳይሆን ለመኖርም ይመካከራልና የአንድ ሐኪም ታሪክ አቀርብላችኋለሁ። ዘመኖቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዶክተር አንድሪያስ ግሩንትሲግ በ1939 በጀርመን አገር በድሬስደን ተወለዱ። አባታቸው በጦርነቱ ጠፍተው ቀሩ። ሃይደልበርግ ሕክምና ተምረው በ1969 ስዊስ አገር ዙሪክ ሆስፒታል ገቡ።

በዚያን ጊዜ የእግሩ ደም ሥር የተዘጋበት ሰው፣ ከባድ ቀዶ ጥገና ካልሆነለት፣ መጨረሻው መቆረጥ ሊሆን ይችል ነበር። በ1964 ግን አሜሪካዊው ዶክተር ቻርልስ ዶተር የአንዲት የ82 ዓመት አሮጊት የጠበበ ደም ሥር በቱቦ አስፍተው እግራቸውን አድነው ነበር። ግሩንትሲግም በቱቦው ላይ ልጆች እንደሚነፉት ያለ ትንሽ ፊኛ ቢኖርስ ብለው አሰቡ። ማታ ማታ ከሥራ መልስ በገዛ ማድቤታቸው ፕላስቲክ እየቆረጡ፣ እያጣበቁ ሞከሩ። ብዙ ሐኪሞች አላመኗቸውም። እሳቸው ግን አልተውትም።

በ1974 በበሽተኛ እግር ላይ ሠሩት። ፊኛው ተጣጥፎ በደም ሥር ይገባል፤ የጠበበው ቦታ ሲደርስ ይነፋል፤ መንገዱ ሲሰፋ ተመልሶ ይወጣል። በ1977 የልብንም ደም ሥር ከፈቱበት። በ1985 አሜሪካ አገር ራሳቸው የሚያበሩት አውሮፕላን ተከስክሶ ከነባለቤታቸው ሞቱ፤ ገና 46 ዓመታቸው ነበር። ዛሬ ፊኛው ቀጥኖ ከጉልበት በታች ያሉትንም ሥሮች ይከፍታል።

ወገኖቼ፣ ፊኛው የሞተ ሥጋ አያስነሣም። ስትራመዱ ባታችሁን ይዞ ስትቆሙ ከለቀቃችሁ፣ የእግር ቁስል አልድን ካለ፣ በተለይ ስኳር ያለባችሁና ሲጋራ የምታጨሱ፣ እርጅና ነው ብላችሁ አትተኙ። ጳውሎስ ሆስፒታል እዚሁ ጉለሌያችን ነው፤ እግራችሁ ሳይጠቁር ታዩ።